ተላምደዋል? አዎ / አልተላመድኩም

ለመመረቂያ ጽሑፌ መረጃ ልሰበስብ ወደ ተወለድኩበት ወደ መንዝ ስሄድ ቦርሳዬ ውስጥ 60 ቅጂ መጠይቅ ነበር። መጠይቁን እኔ አዘጋጀሁት ለማለት አልደፍርም። እንደ ወጉ ከኔ በፊት ከተመረቁ ልጆች ወርሼ የወረዳውን ስም ብቻ ነው የቀየርኩት። ጥያቄ ቁጥር 14 እንዲህ ይላል፦ «የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም ከሚከተሉት የመላመጃ ዘዴዎች ውስጥ የትኞቹን ተጠቅመዋል? (ከአንድ በላይ መምረጥ ይቻላል)»። ከሥሩ ዘጠኝ ሳጥን አለ፤ የሰብል ዓይነት መቀየር፣ የመዝሪያ ጊዜ መቀየር፣ ዛፍ መትከል፣ ከብት መሸጥ፣ ከግብርና ውጪ ገቢ መፈለግ፣ ብድር መውሰድ፣ እያለ ይቀጥላል።

መጀመሪያ የሄድኩት የአባቴ ድንበርተኛ ወደሆኑት ጎረቤታችን ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምላቸው። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። የበልግ ገብሱን ትተው በክረምት ስንዴ ሞክረዋል፤ ምልክት። ከማሳቸው ግማሹን ባሕር ዛፍ ተክለውበታል፤ ምልክት። አንዱን በሬ ሸጠዋል፤ ምልክት። ልጃቸው ዓረብ አገር ናት፣ ገንዘብ ትልካለች፤ ምልክት። እንዲህ እያልን ከዘጠኙ ሰባት ደረስን። በመጨረሻ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው «ልጄ፣ ተላመዱ ያልከኝ ለምኑ ነው? ለዝናቡ ነው ወይስ ለማጣቱ?» አሉኝ። ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። እኔም ወደ ጥያቄ ቁጥር 15 አለፍኩ።

ነገሩ የከነከነኝ ግቢ ከተመለስኩ በኋላ ነው። መረጃውን ኮምፒዩተር ላይ ስናስገባ በተለመደው አሠራር ብዙ ሳጥን ላይ ምልክት ያደረገ አባወራ «ከፍተኛ የመላመድ አቅም ያለው» ተብሎ ይመደባል። ጋሼ ከ60ዎቹ አባወራዎች አንደኛ ወጡ። ከመጨረሻዎቹ ተርታ የተገኙት ደግሞ ከታች ምንጭ ዳር ጥሩ መሬት ያላቸው፣ በጋቸው የማይቆጠር፣ በሰፈሩ የሚከበሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያስመለከቱኝ። ምን አስቸኮላቸውና ይለዋወጡ? ሁለቱንም ቤት አውቃለሁ፤ በሁለቱም ቤት በልቻለሁ። ሠንጠረዡ ግን ገልብጦ አስቀመጣቸው። የቸገረው ሁሉ የበረታ ሆኖ ወጣ፣ ያልቸገረው ደካማ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። በበኩሌ የተራራ ሰው መላመድ ይማር የሚለው አነጋገር ትርጉሙ አይገባኝም። መላመዱን ከኛ በፊት ያውቀዋል። እኛ መጠየቅ ያለብን እያንዳንዱ መላመድ ምን እንዳስከፈለና ሒሳቡን ማን እንደከፈለ ነው። ይህን ካልጠየቅን ድህነትን እየቆጠርን ብልሃት ነው ብለን የምንጽፍ ይመስለኛል።

እስቲ ከዝናቡ እንጀምር። የዲፓርትመንታችን ሰው ሁሉ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የሚለውን ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ስለሚያውቀው አልደግመውም። ብዙዎቻችሁ ከወይና ደጋ ስለመጣችሁ ግን አንድ ነገር ላስታውስ። እናንተ ዘንድ ዋናው እርሻ የክረምቱ ነው። እኛ ጋ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው የሰሜን ሸዋና የወሎ ደጋ፣ ነገሩ ይገለበጣል። ክረምቱ ብርድ ነው፤ በረዶ ይጥላል፤ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛበታል። ከክረምቱ የተረፈውን ቡቃያ ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት ውርጭ ይመታዋል። ስለዚህ አባቶቻችን እርሻቸውን በበልግ ዝናብ ላይ አቆሙት። ገብሱ በጥር መጨረሻና በየካቲት ይዘራል፣ ሰማዩ ከፈቀደ በሰኔና በሐምሌ ይታጨዳል። በሌላው አገር ሰኔ የጭንቅ ወር ነው። እኛ ዘንድ በልግ ሲሰምር እሸት የሚቀመሰው፣ ቆሎ የሚቆላው ያኔ ነው።

በአገር ደረጃ የበልግ ምርት ከጠቅላላው የእህል ምርት ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ነው ይባላል። ይህ ቁጥር ትልቅ በደል አድርሶብናል ብዬ አምናለሁ። በልግ ሲጠፋ በአገሪቱ ሪፖርት ላይ ትንሽ ጭረት ነው የሚታየው፤ የወረዳው ጎተራ ግን ባዶውን ይቀራል። በ1991 ዓ.ም. በልግ ከሸፈ። በ2000 ከሸፈ። በ2007 በልጉም ክረምቱም በኤልኒኖ ተያይዘው ሄዱና በታኅሣሥ 2008 የዕለት እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደረሰ ተብሎ ታወጀ። በ2014 ደግሞ ዝናቡ እንደገና አሳፈረን፤ ያ ዓመት ኅዳር ላይ ጦርነቱ መንዝ ድረስ ዘልቆ የነበረበት ነው፤ ሰው ከሁለት በኩል ተመታ።

ምክንያቱን በተመለከተ የሕንድ ውቅያኖስና የምዕራብ ፓሲፊክ ውሃ መሞቅ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለውን የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ እንደሚያዳክመው ብዙ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ደስ የማይለው ነገር፣ የዓለም የአየር ንብረት ሞዴሎች አብዛኞቹ ይኸው ዝናብ ወደፊት ይጨምራል ይላሉ፤ የታየው ግን መቀነሱ ነው። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው የምሥራቅ አፍሪካ ተቃርኖ ብለው ስም አውጥተውለታል። እንግዲህ ለጋሼ ምን ልበላቸው? በልጉ ይመለሳልና ይጠብቁ ልበል? ወይስ አይመለስምና ይተዉት? ሞዴሉ ያልቆረጠውን እሳቸው በየዓመቱ ጥር ሲያልቅ ዘር በእጃቸው ይዘው መቁረጥ አለባቸው። የጓዳቸውን ዘር ካፈሰሱት በኋላ ደመናው ከተበተነ ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ፍለጋ ብድር ነው። ካልዘሩ ደግሞ ዝናቡ በመጋቢት ግጥም ብሎ ይመጣና ጎረቤት ይስቅባቸዋል።

ታዲያ ሰዉ ምን አደረገ? ትልቁ መደገፊያ በግ ነው። የመንዝን በግ የማያውቅ የለም፤ ላቱ ወፍራም፣ ጠጉሩ ሻካራ፣ ብርዱን የሚችል። ገብስ ሲጠፋ በግ ይሸጣል፣ በግ ተሽጦ እህል ይሸመታል። ወረቀት ላይ ሲታይ ሸጋ ነው። ችግሩ በልግ ለአንድ ሰው ብቻ አይጠፋም። በልግ ሲከሽፍ ጭዱም ገለባውም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በአንድ ቅዳሜ አገሩ ሁሉ በጉን እየነዳ ገበያ ይወጣል፤ የበግ ዋጋ ይወርዳል፣ የገብስ ዋጋ ይሰቀላል። ልጅ ሳለሁ አባቴ አንድ ጊዜ ሦስት በግ ነድቶ ሄዶ በአህያ አንድ ጭነት እንኳ ሳይሞላ ሲመለስ አይቻለሁ። «ከብት መሸጥ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ይሄ ሁሉ አለ።

በበጉ ጉዳይ ግን አንድ በጎ ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። እኛ ዘንድ ችግር ሲኖር መጀመሪያ ገበያ የሚወጣው ቶሎ ያደገው ወንድ ግልገል ነው፤ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው እሱ ስለሆነ። ቤት የሚቀረው ቀርፋፋው ነው፤ እሱ ደግሞ አውራ ይሆናል። በዚህ ዓይነት ሳናውቀው ለብዙ ዘመን ደካማውን እየመረጥን ኖረናል ማለት ነው። መንግሥት ችግሩን ለመፍታት አዋሲ የሚባለውን የውጭ ዝርያ እያዳቀለ ለብዙ ዓመት አውራ ሲያከፋፍል ቆይቷል፤ ገበሬው ግን የሚፈልገውን ያህል ሳይደርሰው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የማኅበረሰብ የእርባታ ሥራ መንገዱን ለወጠ። የአገር ውስጥና የውጭ ተመራማሪዎች ከገበሬው ጋር ሆነው የግልገሉን ትውልድ፣ ክብደት፣ እናቱን ይመዘግባሉ፤ ምርጥ የሆነው አውራ ሳይሸጥ ተይዞ ለሁሉም ያገለግላል። ዘሩ ያው የመንዝ በግ ነው፤ የተለወጠው ማን ይቀር፣ ማን ይሸጥ የሚለው ውሳኔ ነው። ውሳኔው የጋራ በመሆኑ አንዱ ቸግሮት ጥሩውን አውራ እንዳይሸጥ ሌላው ይደግፈዋል። እኔ መላመድ የምለው እንዲህ ያለውን ነው። ሳጥን ግን የለውም።

ወደ ባሕር ዛፉ ልምጣ። እዚህ ላይ ወገንተኛ ነኝ፣ አስቀድሜ ልናገር፤ የጋሼ ባሕር ዛፍ የሚያድረው በአባቴ ማሳ ጥግ ነው። ጋሼን አልፈርድባቸውም። ነጭ ባሕር ዛፍ ብርዱን ይችላል፤ በሬ አይፈልግም፤ ዝናቡ በየካቲት መጣ በሚያዝያ መጣ ግድ የለውም። ከጥቂት ዓመት በኋላ አጣናው ለቤት ሥራ ይሸጣል፤ ቅጠሉና ጭራሮው ይነዳል። የሚነድ ሲገኝ ደግሞ ኩበቱ ለማሳው ይተርፋል። በአንድ በሬ ለቀረ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ግን በድንበሩ በኩል ያለው የአባቴ ገብስ አምስት ስድስት እርምጃ ድረስ ቢጫ ሆኖ ነው የሚቀረው። አባቴ ለሁለት ዓመት ታገሠ፣ በሦስተኛው ዓመት እሱም ከዚያ በኩል ባሕር ዛፍ ተከለ። ምን ያድርግ? አሁን ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሰው እያጉረመረመ ነው። እንዲህ እያለ ማሳው በሙሉ ወደ ዛፍ እየሄደ ነው፤ ጉቶው ደግሞ ቢቆረጥም ያቆጠቁጣልና ነገ በልጉ ቢመለስ መሬቱን ወደ ገብስ መመለስ የዋዛ ሥራ አይደለም። በኔ መጠይቅ አባቴ «ዛፍ ተክሏል» ተብሎ ምልክት ተደርጎለታል። የጎረቤቱን ዛፍ ሸሽቶ መሆኑ የትም አልተጻፈም።

በአንድ ዛፍ ላይ መደገፍ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ወደ አዊ መመልከት ነው። በፋግታ ለኮማ መሬቱ አሲዳማ ሆኖ እህል እንቢ ሲል ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ዛፉ ከሰል ይሆናል፣ ዛፉ መሬቱንም ያለማል፤ ኮረብታው ሁሉ አረንጓዴ ለበሰ፤ ሰዉ ቆርቆሮ ቤት ሠራ። እኛም ክፍል ውስጥ እንደ ምሳሌ ተምረነዋል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የዋግ በሽታ ገብቶ ዛፉን አደረቀው። የአዊ ገበሬ አጠፋ አልልም። አስተማሪዎቻችን ያንን ምሳሌ ሲያስተምሩን በሽታውን ጨምረው ቢያስተምሩን ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ስንዴው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ብርዱ ረገብ በማለቱ ድሮ ገብስ ብቻ ይበቅልበት የነበረው ላይ አሁን ስንዴና ባቄላ ይዘራል። ሽማግሌዎቹ «ውርጩ ሸሸ» ይላሉ። ይህን የሰማ ሰው ሙቀቱ ለደገኛው ጠቀመው ሊል ይችላል፣ በከፊል እውነት ነው። ግን ስንዴ ወደ ላይ ሲወጣ ገብስም ወደ ላይ ይወጣል፣ ገብስ ሲወጣ ሣሩ ይታረሳል። ተራራ ደግሞ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ይጠባል። ጫፉ ላይ ምን አለ ከተባለ፣ እኛ ዘንድ ጓሳ አለ።

ስለ ጓሳ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም የመንዝ ልጅ ሆኜ ይህን ካላልኩ ማን ይላል። ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሣራማ ተራራ ነው። ቱሪስት የሚመጣው ለቀይ ቀበሮውና ለጭላዳው ነው። ለኛ ግን ጓሳ የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ማገዶ ነው፣ በክፉ ቀን ደግሞ የከብት ነፍስ ማቆያ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ እንደነበር ይነገራል፤ አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ናቸው ያቀኑት ይባላል። (ስሙን ሰምታችሁ ሌላ ነገር እንዳታስቡ፣ የኛው ቄሮ የሣር ጉዳይ ነው።) አሠራሩ እንዲህ ነበር። ተራራው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ የተመረጡት ሽማግሌዎች አይተው ይከፈት ይላሉ፤ ያኔ ሰዉ በበጋው ገብቶ ያጭዳል፣ ከብቱን ያሰማራል። ክረምቱ ሲገባ፣ ሐምሌ አቦ ሳይደርስ፣ ሁሉም ይወጣና ተራራው መልሶ ይዘጋል። ድርቅ ከሆነ ቀድሞ ሊከፈት ይችላል። ማለትም ዛሬ «የድርቅ መጠባበቂያ ፈንድ» ብለን በፕሮጀክት የምንጽፈውን አያቶቻችን በሣር አስቀምጠውት ነበር።

ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የቄሮው ሥልጣን ወደቀ። አዋጁ ለጭሰኛው ትልቅ ፍትሕ ነበር፤ ይህን የምክድ አይደለሁም፤ የድሮው የጓሳ ባለመብትነትም በትውልድ ሐረግ ስለነበር የተከለከለው ሰው ቂም ቢይዝ አይፈረድበትም። ነገር ግን የሁሉም ሲባል የማንም ሆነ፤ ሣሩ ያለጊዜው ታጨደ፣ ዳር ዳሩ ታረሰ። ኋላ ላይ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች በኮሚቴ ተሰባስበው መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፣ ጥበቃ ቀጠሩ፣ ክልሉም በሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ አወቀው። ደንቡን ከሚያስከብሩት ነገሮች አንዱ እድር ነው። ሳይፈቀድ ጓሳ የገባ ሰው ከቅጣቱ ይልቅ የሚፈራው ቀባሪ እንዳያጣ ነው።

ይህን ከሰሜን ተራሮች ጋር አስተያዩት። ብሔራዊ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2017 ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ግጭ በሚባለው ሜዳ ላይ ገብስ እያረሱ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ወደ ደባርቅ ተነሥተዋል። ካሣ ተሰጥቷል፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት ቀርቧቸዋል፤ ለሣሩም ለዋልያውም እፎይታ ነው። ግን ተራራን የሚያውቅ ገበሬ ከተማ ዳር ሲቀመጥ እውቀቱ ለምን ይሆናል? ፓርኩ ሣሩን ያዳነው ሰዉን አውጥቶ ነው። ጓሳ ሣሩን ያዳነው ለሰዉ ነው። ሁለቱ እኩል «ጥበቃ» ተብለው መማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ መቀመጣቸው አይዋጥልኝም።

አሁን ግን ለጓሳም ፈርቻለሁ። የምፈራው ሣር ሌባ የሚሉትን ወጣት ሳይሆን ወጣቱ የሚገኝበትን ሁኔታ ነው። ደንቡ ሲወጣ ኮሚቴው ውስጥ የተቀመጠው መሬት ያለው አባወራ ነው። የኔ እኩዮች መሬት የላቸውም፤ አባታቸው ካለው ላይ ቆርሶ ካልሰጣቸው ማንም አይሰጣቸውም፤ መሬት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም አይለወጥም፣ ስለዚህ ገንዘብ ቢገኝም መግዛት የለም። ሴፍቲኔት ላይም ስማቸው የለም፣ ስሙ ያለው የአባትየው ነው። እንግዲህ በልግ ሲከሽፍ አባወራው በግ አለው፣ ባሕር ዛፍ አለው። ወጣቱ ያለው ማጭድ ብቻ ነው። በሌሊት ጓሳ ገብቶ ቢያጭድ ምን ይገርማል? አብሮኝ የተማረ ልጅ ሁለት ጊዜ ተይዞ ተቀጥቷል። «እኔ በድርሻዬ ነው የገባሁት፣ ድርሻዬን ግን የጻፈልኝ የለም» አለኝ። የሱን ነገር ብዙ አሰብኩበት። ጓሳ 400 ዓመት የቆየው ሰው ሁሉ የኔ ነው ስላለው ነው ከተባለ፣ የኔ ነው የሚለው ሰው ቁጥር ከትውልድ ትውልድ እያነሰ ከሄደ ምን ሊያቆየው ነው?

ከክፍል ጓደኞቼ አንዱ ይህን ስነግረው «ታዲያ ምን አስቀመጣቸው? ከተራራው ይውረዱ!» አለኝ። ብዙ ሰው የሚያስበው ይህንኑ ስለሆነ መልስ ይገባዋል። ከተራራ ማውረድ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ ሕዝብ ከሰሜኑ ደጋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወስዶ ሰፍሯል። ወባ የማያውቅ ደገኛ ወባ መሐል ሲወርድ የሆነውን ከየቤታችሁ ሽማግሌ መስማት ትችላላችሁ። የቀረበው ቆላም ባዶ አይደለም፤ የራሱ ሰው አለበት። በፈቃዱ ወደ ከተማ የሚወርድ ግን ይውረድ፤ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ አለ፣ ቀን ሥራ አለ፤ አላከላክልም። የሚያስከፋኝ ሌላ ነው። የጋሼ ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላት ነው ዓረብ አገር የሄደችው። ጋሼ ቤት ቆርቆሮው በሷ ገንዘብ ነው። በመጠይቄ ላይ እሷ «ከግብርና ውጪ ገቢ» የምትባል አንዲት ሳጥን ሆናለች። መላመድ ከተባለ በዚያ ቤት የተላመደችው እሷ ናት፣ ያውም የሰው አገር ሙቀትና የሰው ቤት ቁጣ። የተመሰገኑት ግን አባወራው ናቸው።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን የምለው አለኝ። መምህሮቻችን አይቆጡኝ። ሳጥኖቹን እናስቀራቸው አልልም፤ አንድ መምህራችን እንዳስረዱን የአንዱን ወረዳ ከሌላው ለማነጻጸር ተመሳሳይ ጥያቄ ያስፈልጋል፤ ትክክል ናቸው። ግን ከእያንዳንዱ ሳጥን ጎን ሁለት መስመር ይጨመርልን። አንዱ፣ ይህን ሲያደርጉ ምን ተዉ? ሌላው፣ በልጉ ቢመለስ ወደ ነበረው መመለስ ይችላሉ? በግ የሸጠ ሰው ሁለት ሴት በግ ከቀረው መመለስ ይችላል። በሬ የሸጠ፣ ማሳውን ለዛፍ የሰጠ አይችልም። ሁለቱን በአንድ ነጥብ መደመር የሒሳብ ስሕተት ነው፤ ከዚያ ላይ ተነሥተን የምንጽፈው ምክረ ሐሳብም እንዲሁ ይሳሳታል። እንደገናም፣ አባወራውን ብቻ አንጠይቅ። እኔ ከ60ው ሰው 53ቱ ወንዶች ነበሩ፤ ሴቶቹ የተጨመሩት ባል ስለሞተባቸው ነው። ቤት ውስጥ ውሃ ማን ከየት እንደሚቀዳ፣ ምንጩ መቼ እንደደረቀ ለማወቅ ወንዱን መጠየቅ ቀልድ ነው።

እኔም ዘግይቼ ነው ያወቅኩት። ጽሑፌን ካስረከብኩ በኋላ ለፋሲካ አገሬ ስገባ ጋሼ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ጋሼ አልነበሩም፣ ባለቤታቸው ናቸው ቡና ያፈሉልኝ። ዝም ብዬ፣ ያለመጠይቅ፣ «እትዬ፣ በልጉ ከጠፋ ወዲህ ምን ምን ተዉ?» አልኳቸው። የሳጥን ነገር ስለሌለ አልቸኮሉም። መጀመሪያ ጠላ አሉ፤ ለሚካኤል ማኅበር የገብስ ጠላ ይጠምቁ ነበር፣ ማኅበሩን በሻይ አድርገውታል። በሶም እንደዚያው። ቀጥለው ባናውን አነሡ። በፊት የበጉን ጠጉር እየፈተሉ በዓመት አንድ ባና ያስሠሩ ነበር፤ አሁን በጎቹ ጠጉራቸው ሳይደርስ ስለሚሸጡ የሚፈተል የለም፣ ልጆቹ የሚለብሱት ከገበያ የተገዛ ብርድ ልብስ ነው፣ እሱም አያሞቅም። ከዚያ ትንሽ ቆዩና ሌሊት ውሃ ለመቅዳት ብቻቸውን መሄድ እንደተዉ ነገሩኝ፤ ድሮ ከልጃቸው ጋር ነበር የሚሄዱት፣ አሁን ምንጩ ርቋል፣ ልጅቷም የለችም።

የምጽፍበት ሳልይዝ ስለሄድኩ ግቢ እስክመለስ ድረስ እንዳልረሳው ቦርሳዬ ውስጥ የተረፈች አንዲት ያልተሞላች መጠይቅ ጀርባ ላይ በእትዬ ልጅ እርሳስ ጻፍኩት።